አማቴና ኮምፒውተሬ በአንድ ፍሪጅ

ጎንደር ተቀምጬ «ኮምፒውተሬ እየጋለ አስቸገረኝ» ስል የብርዳማው ደባርቅ ሰው ይስቅብኛል። ስቆብኝም ያውቃል። እዚያ የሚያስተምር አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ስልክ ደውዬ ባማክረው፣ «ወዲህ ይዘኸው ናና መስኮት ክፈትለት፤ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?» ብሎ ዘጋብኝ። ምነው ሰምቼው በነበር! ኮምፒውተሬን ጋቢ አልብሼ፣ ሚኒባስ ላይ ከጎኔ አስቀምጬ ደባርቅ አድርሼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እናንተን በዚህ ወሬ አላደክምም ነበር።

ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ንድፍ ሠሪ ነኝ። ከሥራ ውጭ ደግሞ ቤት ሊሠሩ ላሰቡ ሰዎች፣ ገና መሠረቱ ያልወጣውን ቤታቸውን አልቆ ቀለም እንደተቀባ አድርጌ በኮምፒውተር እሥልላቸዋለሁ። ሰውየው እጁ ላይ ያለው ባዶ መሬትና አንድ የአሸዋ ክምር ነው፤ እኔ ግን በረንዳውን፣ አበባውን፣ አንዳንዴም ውሻውን ጭምር አሳየዋለሁ። አዘዞ አካባቢ ያለ አንድ ደንበኛዬማ፣ ውሃ በመጣች ቁጥር ጎረቤት እልል በሚልበት ሠፈር የመዋኛ ገንዳ ሣልልኝ አለኝ። ሣልኩለት። ውሃውንም እስከ አፉ ሞላሁለት።

እንዲህ ዓይነት ሥዕል ለኮምፒውተር ከባድ ሥራ ነው። እኔ ጠዋት ቁልፉን ተጭኜ ወደ ቢሮ እሄዳለሁ፤ እሱ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሲያበስል ይውላል። ጣሪያችን ቆርቆሮ ነው። ጎንደር ጠዋት ጠዋት ቢያንቀጠቅጥም፣ በመጋቢት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እዚያ ክፍል ውስጥ ብቀመጥ እንኳን ኮምፒውተር፣ እኔም ራሴን አጠፋለሁ። ማታ ስመለስ ግሎ፣ ራሱን አጥፍቶ አገኘዋለሁ፤ ገንዳውም ቤቱም ግማሽ ላይ ቀርቷል።

ሥልጡን ሰው እንዲህ ሲገጥመው ባለሙያ ይጠራል። እኔ ግን ኢንተርኔት አነበብኩ። በሌላው ዓለም ያሉ ሰዎች ኮምፒውተራቸውን በውሃ ያቀዘቅዛሉ አሉ። ነገሩ ቀላል ነው፦ ውሃን በትንሽ ፓምፕ ወደ ኮምፒውተሩ ሆድ መላክ፣ እዚያ የሚግለው ቦታ ላይ በተገጠመች የመዳብ ሳጥን ውስጥ ማሳለፍ፣ ሙቀቱን ተሸክሞ እንዲመለስ ማድረግ። ሳጥኗንና የሆቴል ፏፏቴ ውስጥ የምትሠራ ዓይነት ፓምፕ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ቱቦ ገዛሁ። ባልዲ ከቤት ነበረኝ። ሠራ! አንድ ቀን ሙሉ ሳይጠፋ ዋለ። በማግስቱ የባልዲው ውሃ ራሱ ለእግር መታጠቢያ የሚሆን ሆነና ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ጠፋ። ይኸኔ ነው ዓይኔ ፍሪጁ ላይ ያረፈው።

እዚህ ላይ ስለ ፍሪጃችን መናገር አለብኝ። ፍሪጃችን ተራ ፍሪጅ አልነበረም፤ አማቴን ቤታችን ያስገባው እሱ ነው። አማቴ እማማ ፈንታነሽ ከአይከል ወዲያ ባለ የገጠር ቀበሌ ኖረው ያረጁ ሴት ናቸው። ስኳር ያዛቸው፤ በሽታውን ማለቴ ነው፣ ስኳሩንማ ከያዛቸው ወዲህ አላዩትም። ሐኪም ኢንሱሊን አዘዘላቸው፤ በየቀኑ ራሳቸውን የሚወጉት መርፌ። መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም። እዚያ አገራቸው እርጥብ አሸዋ በሞላ ገንቦ ውስጥ እያስቀመጡ ከረሙ። በኋላ ግን የጤና ጣቢያው ነርስ ፍሪጅ ቢገኝ ይሻላል አለችና ዘመድ ተሰበሰበ። እኔ በሌለሁበት ተመከረ። ስለ ጠባዬ የጠየቀ ሰው እንዳለ አልሰማሁም፤ ስለ ፍሪጄ ግን ተጠይቋል፤ ሚስቴ ሙሉም «በደንብ ያቀዘቅዛል» ብላ መስክራለች። እማማ ፈንታነሽ አንዲት የመድኃኒት ጠርሙስ በመሐረብ ጠቅልለው፣ አንድ ቦርሳ ልብስ ይዘው መጡ። ሙሉ መድኃኒቱን ከፍሪጁ በር ላይ፣ ከእንቁላሉ ጎን አስቀመጠችላቸው። ነርሷ እንዲያ ነበር ያለቻቸው።

እንግዲህ ባልዲውን በጀሪካን ቀየርኩና ጀሪካኑን ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት። ቱቦዎቹ ወጥተው በመተላለፊያው አድርገው እኔ ክፍል ገቡ። ቱቦ ያለበት በር ስለማይዘጋ፣ በሩ ዙሪያ ያለውን ጎማ በቢላ ቆርጬ ማለፊያ አበጀሁ። በሩ ላይ የነበረው ሁሉ ቱቦዎቹን አላስኬድ ስላለ፣ እንቁላሉን ወደ ታች፣ መድኃኒቷን ወደ ላይ፣ ከኋላው ግድግዳ ጥግ፣ ብርዱ ከሚመነጭበት ሥር አዛወርኳት። በልቤም «ለብርዱ ስትቀርብ ይበልጥ ትጠበቃለች» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ የጨረስኩት።

አማቴ ቱቦዎቹን ባዩ ጊዜ ክፍሌ በር ላይ ቆመው አፋቸውን ያዙ።

«ምነው ልጄ፣ ግሉኮስ ተሰክቶለት ነው?»

«አዎ እማማ» አልኳቸው፤ ማስረዳቱ ረዝሞብኝ።

«ምን አገኘው?»

«ትኩሳት።»

«እኔን! ትኩሳትስ ክፉ ነው» አሉና ኮምፒውተሩን በእጃቸው ጀርባ ነካ አደረጉት፤ ልጅ ሲያተኩሰው እንደሚነካው። ከዚያን ቀን ወዲህ ያ ኮምፒውተር ጓደኛቸው ሆነ። እኔና ሙሉ ወደ ሥራ ስንሄድ ሁለት በሽተኞች ቤት ይውላሉ፤ ሁለቱም ሕይወታቸው ከአንድ ፍሪጅ ነው። ማታ ስገባ ሪፖርት ይደርሰኛል። «ጓደኛዬ ዛሬ ሸጋ ዋለ።» ወይም «ጓደኛዬ ዛሬ ሲያቃስት ነው የዋለው፤ እንዲያው ጠበል ቢጤ ብትረጭለት።» ኤሌክትሪክና ጠበል እንደማይስማሙ ነገርኳቸው። ቅር አላቸው፤ ግን እሺ አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ምንም አልነበረም። ግን እኔ በደንብ የሚሠራ ነገር ሳይ እጄን የሚያሳክከኝ ሰው ነኝ፤ ማሻሻል አለብኝ። መጀመሪያ ቱቦዎቹ ማላብ ጀመሩ። ቀዝቃዛ ቱቦ በሞቀ ክፍል ውስጥ ያልበዋል፤ ላቡም ጠብ ጠብ እያለ ኮምፒውተሩ ላይ ያርፋል። የሱፍ ካልሲዎቼን ጫፋቸውን ቆርጬ አለበስኳቸው። ቀጥሎ ፍሪጁ ደከመ። በተቆረጠው ጎማ በኩል ብርዱ ስለሚያመልጥ ውሃው የሚፈለገውን ያህል አልቀዘቅዝ አለ። ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ያም አልበቃኝም። ፍሪጅ በቃኝ ሲል ሞተሩን የሚያሳርፍ መሣሪያ አለው፤ እሱን ነቀልኩና ሽቦውን ቀጥታ አገናኘሁት። ከዚያ በኋላ ፍሪጃችን መብራት እስካለ ድረስ ማረፍ የሚባል ነገር አያውቅም። የኋላ ግድግዳው ነጭ በነጭ ሆነ።

ውሃው እንዴት ይቀዘቅዝ መሰላችሁ! ከመቀዝቀዙ የተነሳ ይረጋብኝ ጀመር። ጀሪካኑ ውስጥ የበረዶ ቅርፊት እየሠራ ፓምፗን ያንቃታል። አሰብኩ፣ አወጣሁ፣ አወረድኩ፤ በመጨረሻ መላው ተገለጠልኝ። ጨው ያለው ውሃ ቶሎ አይረጋም። የወጥ ጨው በጭልፋ እየለካሁ ጀሪካኑ ውስጥ ገለበጥኩ። ፓምፗ ተነፈሰች። ኮምፒውተሩ ሥዕሉን ፈጭቶ እኩለ ቀን ሳይሞላ ያወጣ ጀመር። የአዘዞው ሰውዬ ገንዳ አለቀለት። ያን ሰሞን ያለ ምክንያት ሰው ሁሉ ትከሻዬን መታ መታ እንዲያደርገኝ እፈልግ ነበር።

በዚያው ሰሞን አማቴ ውሃ ማብዛት ጀመሩ። አንድ ጆግ አይበቃቸውም። ጓሮ መመላለስ አበዙ። ቀሚሳቸው ሰፋቸው። በግራ እግራቸው ጣት ላይ ጫማ ያላጠው ትንሽ ቁስል ነበረች፤ እሷም አልድን አለች። ሙሉ ክሊኒክ ወስዳ አስለካቻቸው፤ ስኳራቸው ሽቅብ ወጥቷል። «መርፌውን በትክክል ይወጋሉ?» አሉ ሐኪሞቹ። ይወጋሉ። «ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው?» እንዴታ! እንግዲያው ምግብ ነው፣ ጣፋጭ ነገር እየቀመሱ ይሆናል፣ ተቆጣጠሯቸው ተባልን።

ያን ማታ እራት ላይ ጉዳዩ ተነሣ።

«እማ፣ የምትቀምሽው ነገር አለ?» አለች ሙሉ።

«ምን እቀምሳለሁ? መድኃኒቴን ብርድ መትቶት ነው እንጂ።»

ሳቅን። ሙሉ ተጨንቃ እንኳ ሳቀች። ምክንያቱም አማቴ ብርድ የማይመታው ነገር የላቸውም። ጉልበታቸውን ብርድ መትቶታል። የጎረቤት ድመት ስታነክስ ብርድ መትቷታል። ሬዲዮናችን ሲንኮሻኮሽ «ብርድ ገብቶበት ነው፤ ልብስ ጣል አድርጉበት» ያሉ ሴት ናቸው። ስለዚህ መድኃኒቱንም ብርድ መታው ሲሉ ማንም ከቁም ነገር አልጣፈውም። እሳቸውም ሕክምና መናገራቸው አልነበረም፤ ሁልጊዜ የሚሉትን ነው ያሉት። እኔ ደግሞ፣ ጨዋታ ማሳመር ስለምወድ፣ «እማማ፣ ፍሪጅ እኮ ሥራው ብርድ መምታት ነው» አልኩ። የበለጠ ተሳቀ።

እሑድ ዕለት አያ ደሴ መጡ። የአማቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ቆፍጣና ገበሬ፣ ቂማቸውም ፍቅራቸውም እኩል የሚያስፈራ። እንደ ደንቡ ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ አንድ ገንቦ ማር ይዘዋል። ገንቦውን ሳየው ነገሩ ሁሉ በራልኝ። ባለፈው ጊዜም ማር አምጥተው ነበር! ወንጀሉ ተገኘ ማለት ነው። ማሩን ተቀብዬ ቁምሳጥን ውስጥ ከተትኩና፣ ሁሉም እያዩ በጓጉንቸር ቁልፍ ቆለፍኩት።

«ምነው አማቻችን፣ ሌባ አለ እንዴ ቤታችሁ?» አሉ አያ ደሴ።

«ሌባ እንኳ አይባልም...» ብዬ ወደ አማቴ አየሁ።

ዝም ቢባል ጥሩ ነበር። እኔ ግን መርማሪ ሆኛለሁ። «በሰው ፊት ይማሉልንና ይለይለት» አልኩ። ሙሉ ደነገጠች፤ ግን አልከለከለችኝም። እሷም ውስጧ ጥርጣሬ ገብቷል። እማማ ፈንታነሽ ቀስ ብለው ብድግ አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዞሩ።

«ማርያምን! ከዚህ ቤት ከገባሁ ወዲህ ጣፋጭ የሚባል በአፌ አልዞረም። አፈር ስሆን ልጆቼ፣ ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?»

ተቀመጡ።  አያ ደሴ በዓይናቸው ቆራርጠውኝ፣ እህል ሳይቀምሱ ወደ አይከል ተመለሱ። መሐላውን አምኜ ቢሆን ጥሩ ነበር። ግን የተማረ ሰው መረጃ ይፈልጋል። በማግስቱ አንዲት ትንሽ ካሜራ ከወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ፣ ከስኒዎቹ መሃል አጋደምኩና ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘኋት። ካሜራዋ ፍሪጁንም፣ ቁምሳጥኑንም፣ ቱቦዎቹ የሚያልፉበትንም ታያለች። ቪዲዮው የሚቀመጠው ደግሞ ኮምፒውተሬ ውስጥ ነው። እንግዲህ የአማቴን ሌብነት የሚመሰክርባቸው የገዛ ጓደኛቸው ሊሆን ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙሉ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሳትመለስ፣ ከቢሮ ሹልክ ብዬ ወጣሁ። አማቴ መኝታ ቤት ጋደም ብለዋል። የክፍሌን በር ዘግቼ ቪዲዮውን ከፈትኩት።

እኛ እንደወጣን አማቴ እያነከሱ ወደ ወጥ ቤቱ ገቡ። ቁምሳጥኑን ዞር ብለው እንኳ አላዩትም። በቀጥታ ወደ ፍሪጁ ሄዱና ከፈቱት። «ያዝኩዎት!» አልኩ ጮክ ብዬ። ያወጡት ግን መድኃኒታቸውን ነበር። ጠርሙሷን ወደ መስኮቱ ዞረው በብርሃን አዩዋት። ነቀነቋት። በጥፍራቸው ጫፍ ቆረቆሯት። ከዚያ የቀሚሳቸውን ደረት ከፍተው ጠርሙሷን ጡታቸው መሃል ሸጎጧት፤ በጋቢያቸው ተጀቦኑና በርጩማ ስበው ቁጭ አሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ።

ምን እየሠሩ እንደሆነ ወዲያው አልገባኝም። የደበቁት መሰለኝ። መሃል ላይ ተነሡና በመተላለፊያው ወደሚሄደው ቱቦ ጎንበስ አሉ። ካልሲው ላይ የተጠራቀመውን ውሃ በጨርቅ ጠረጉ፤ የሚንጠባጠብበት ቦታ ሌላ ጨርቅ አነጠፉለት፤ ቱቦውን እንደ ሕፃን ሸፈን ሸፈን አደረጉት። ተመልሰው ተቀመጡ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ጠርሙሷን ከደረታቸው አወጡ፣ አሁንም ነቀነቁ፣ በብርሃን አዩ፣ መርፌውን ሞሉና ወጉ።

ያኔ ገባኝ። መድኃኒቱ በረዶ ነበር። ድንጋይ ሆኖ ያድራል፤ እሳቸው በገላቸው ሙቀት እያቀለጡት ይወጉታል። ከዚያችው ጠርሙስ አንድ ስንዝር ርቆ ያለው የእኔ ውሃ እንዳይረጋ ግን ጨው አድርጌለት ነበር። ለውሃው አስቤለታለሁ። 

ተነሥቼ ወደ መኝታ ቤት ሮጥኩ። አማቴ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ።

«እማማ፣ መድኃኒቱ በረዶ እየሆነ ነው?»

«ታዲያ ብርድ መታው አላልሁህም?»

«በረዶ ሆኗል አላሉንም እኮ!»

«የከተማ ፍሪጅ እንዲህ ይሆናል ብየ ነው። ደግሞ አንተ ስንት ደክመህ ያበጀኸውን፣ እንግዳ ሁኜ ነቀፌታ ላውጣለት?» ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አፋቸው የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። «ውሃ ስጠኝ እስቲ፣ ልጄ።»

ውሃውን ሰጥቼ፣ መድኃኒቷን ላወጣ ወደ ፍሪጁ ስሮጥ ቱቦው እግሬን ጠለፈኝ። ከመዳብ ሳጥኗ ተፈናጥሮ ወጣ። ፓምፗ የጨው ውሃዋን ኮምፒውተሬ ሆድ ውስጥ ዘረገፈችው። አንዴ ፍስ አለ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ ጸጥ አለ። ቪዲዮውም የአዘዞው ገንዳም አብረው ሄዱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አለቅስ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን በላዩ ተሻግሬ አለፍኩ።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኳቸው። ሙሉም ስልክ ደውዬላት ከትምህርት ቤት ደረሰች። አያ ደሴ፣ ለካ ወደ አይከል ሲመለሱ የእህታቸው ነገር ሆዳቸውን ሲበላቸው ኖሮ፣ በማግስቱ ተመልሰው ሲመጡ ከቤት ስንወጣ በር ላይ አግኝተውን አብረውን ተሳፍረዋል። ነርሷ ጣታቸውን ወግታ ደማቸውን መለኪያው ላይ አደረገች። መለኪያው ቁጥር አላወጣም። በእንግሊዝኛ «ሃይ» ብሎ ጻፈ፤ ነርሷም ጮክ ብላ አነበበችው።

«ምነው፣ ሰላም እያለን ነው?» አሉ አያ ደሴ።

«አይደለም አባቴ። ከፍታው ከምቆጥረው አለፈ ማለቱ ነው» አለች ነርሷና ወደ ሐኪሙ ሮጠች።

ሙሉ ካርድ ልታወጣ ስትሄድ፣ ሐኪሙን ጥግ ይዤ መድኃኒቱ ረግቶ እንደነበር ነገርኩት። ጠርሙሷን ተቀብሎ ነቀነቃት። ውስጧ እንደ ተበላሸ ወተት ፍርፋሪ ይንሳፈፋል። «አንዴ ከረጋ በኋላ ይህ ውሃ ነው» አለኝ።  ጠርሙሷን መዳፌ ላይ መልሶ አስቀመጠልኝና ወደ አማቴ ሄደ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አማቴ ተረፉ። ግን ቁስሏ ወደ ውስጥ ገብታ ስለነበር የግራ እግራቸው ትንሿ ጣት ተቆረጠች። ሲነቁ በፋሻ የተጠቀለለውን እግራቸውን አዩና፣ «ምን ይደረግ፣ ቀድማኝ አፈር ገባች» አሉ። ሙሉ ስታለቅስ እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ።

በማግስቱ ዘመድ ተሰብስቦ አልጋውን ከበበ። አያ ደሴ ከእግራቸው ግርጌ ቆመው ነበር፤ ድንገት ደረታቸውን መምታት ጀመሩ።

«የኔ ማር ነው! እኔ ነኝ እህቴን እዚህ የጣልኋት! ምን አባቴ ብየ ማር ተሸክሜ መጣሁ!»

ቆፍጣናው ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። አሁንስ መናገር አለብኝ አልኩ። እውነቴን ነው፣ አፌን ከፍቻለሁ። «አያ ደሴ፣ እኔ...» ድረስ ወጥቶኛል። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቃል ሳይወጣኝ፣ ከአልጋው ላይ ደካማ ድምፅ ተሰማ።

«ተው ደሴ፣ አታልቅስ። ማርህን አልነካሁትም። ለስላሳ ነው የጠጣሁ።»

ሁሉም ዞሩ።

«ምን አልሽ እቴ?»

«ለስላሳ። እነዚህ ሥራ ሲውሉ ሱቅ እየወረድሁ። አማረኝና ጠጣሁ።»

«ማርያምን ብለሽ ማልሽልን አይደል እንዴ?»

«ማልሁ። ዋሸሁ።»

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ነገር ሁሉ ተለወጠ። ሰዉ ተነፈሰ፤ ጥፋቱ ባለቤት አገኘ። ወዲያውም ሁሉም ከእሳቸው ትንሽ ሸሸት ያለ መሰለኝ። አያ ደሴ እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «በስተርጅና በማርያም ስም በሐሰት! ምነው እንዲህ አዋረድሽን?» ብለው ወጡ። ሙሉ እናቷን ማየት አቅቷት ተከተለቻቸው። እማማ ፈንታነሽ በዕድሜያቸው ሙሉ «እሳቸው ካሉ እውነት ነው» ሲባልላቸው የኖሩ ሴት ናቸው። የኔ አፍ እንደተከፈተ ቀርቷል። አፈርኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

ብቻችንን ስንቀር ተንበርክኬ እጃቸውን ያዝኩ። «ለምን እማማ? ልናገር ነበር እኮ።»

«አየሁህ። ታዲያ ለዚያ አይደል የቀደምሁህ። ደሴ ይኸን ቢሰማ ልጄን ዛሬውኑ ከቤትህ ያወጣታል። ሁለታችሁም ትበተናላችሁ። አንተም ክፉ አይደለህም፣ ልጄ። ሞኝ ነህ እንጂ።»

«መሐላውስ?»

«እሱን ለኔ ተወው። ከንስሐ አባቴ ጋር እንነጋገራለን።»

ቤት ከገቡ በኋላ የንስሐ አባታቸው መጡ። ሁላችንም ወጣን፤ በሩ ተዘጋ። ውስጥ ምን እንደተባለ አላውቅም፤ የንስሐ ነገር ምሥጢር ነው። ሳሎን ተቀምጠን ጠበቅን፤ አያ ደሴ ፊታቸውን አጨማድደው፣ ሙሉ ጣቷን እያንቋቋች። ቄሱ ሲወጡ መስቀላቸውን አሳለሙን። የሙሉን ግንባር ነካ፣ የአያ ደሴን ነካ፤ የኔ ላይ ሲደርስ መስቀሉ ትንሽ ቆየ፣ ጠበቅም አለ።

«ቀኖና ሰጥቻታለሁ» አሉ። «ስግደት ነው። ነገር ግን ለመስገድ እግር የላትም። ስለዚህ አማቿ ይስገድላት። እኔ ነኝ ያልሁት።» ይህን ሲሉ የሚያዩት የእኔን ዓይን ብቻ ነበር።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ምን እላለሁ? «እሺ አባቴ» አልኩ።

ሙሉ አቅፋኝ አለቀሰች። አያ ደሴ ያን ሁሉ ኩርፊያ ትተው ብድግ አሉና ትከሻዬን ሳሙኝ። «እኔ እኮ በክፉ ዓይን አይቸህ ነበር። ለአማቱ ኃጢአት የሚሰግድ አማች የትም አላየሁ!» ወሬው አይከል ድረስ ወረደ። ሠፈራችንም ሰማ። አሁን መንገድ ላይ ሳልፍ እናቶች ይመርቁኛል፤ አንዷማ ለልጇ ባል ስትመርጥ «እንደ እሱ ያለ ይስጥሽ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሙሉ በእናቷ ላይ ያላት ቅያሜ ቀስ በቀስ እየበረደ ነው፤ አንዳንዴ ግን የለስላሳ ጠርሙስ ስታይ ዓይኗ ወደ እናቷ ይሄዳል።  ያን አይቼ ልናገር ስል አማቴ ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ።

ስለዚህ በየጠዋቱ ወደ ቢሮ ከመሄዴ በፊት ምንጣፍ ዘርግቼ እሰግዳለሁ። አማቴ የተጠቀለለ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከጎኔ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ረፍዶብኝ ነበርና ፈጠን ፈጠን ማለት አበዛሁ፤ ወገቤን ብቻ ሰበር እያደረግኩ አንዱን በአንዱ ላይ ደረብኩት። የመቁጠሪያው ድምፅ ቆመ።

«ቆይ እስቲ፣ ልጄ» አሉ።

«ምን ሆነ እማ?» አለች ሙሉ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ።

«ምንም። ግንባሩ መሬት አልነካም።» ወደኔ ዞሩ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ይኸኛው አልተቆጠረም። ድገመው።»